አንዴ ከሞቀ የማይነሳው መጋዜ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንጨት በመቁረጥ ስኖር የሞተር መጋዜን የማጠፋው ፈጣሪን ለምኜ ነበር። ጠዋት ጠዋት በአንድ የገመድ ጎተታ ይነሳል፤ ከሞቀ በኋላ ካጠፉት ግን አበቃ። ምክንያቱን አላውቅም፤ አላውቅም ማለትም አልወድም።

አከራዬ ከመተማ መጥተው እዚያው ያረጁ ነጋዴ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ የቆመውን የኒም ዛፍ ቁረጥልኝ አሉኝ። "ነገ፣ ነገ" ስል ሳምንት አለፈና ጋብቻው የሚታሰርበት የኒካሁ ዕለት ጠዋት ደረስኩ።

መጋዙን አስነስቼ ከዛፉ አጠገብ ወዳለው የቆርቆሮ ሽንት ቤት ዞርኩና "ውስጥ ሰው አለ?" ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ዛፉን ቆረጥኩት። ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ግንድ የግቢውን በር ዘጋ፣ ሌላው የሽንት ቤቱን። ደንግጬ መጋዙን አጠፋሁት። ያኔ ከውስጥ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ሐጂ ነበሩ! በእምነታቸው ሽንት ቤት ውስጥ ሆኖ መናገር ነውር ስለሆነ ስጠራ የመለሱልኝ ጉሮሯቸውን በመጥረግ ነበር። በመጋዝ ጩኸት መሀል ማን ጉሮሮ ይሰማል?

ባለቤታቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "ከዙህር ሶላት በኋላ ኒካህ ነው! ያለ አባት ማን ሊድራት ነው?"

አንድ ጎረቤት ውክልና ይስጡ አለ።

"ከዚያ ውስጥ ሆነው የአላህን ስም ሊጠሩ?" ብለው ባለቤታቸው አፉን አስያዙት።

ሽንት ቤቱን የዘጋው ግንድ በርሜል ያህላል፤ በመጥረቢያ ቢሆን እስኪመሽ ነው። ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ቾክ የሚሉትን የአየር መዝጊያ ዘግቼ ሳብኩ። ዝም። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ ባየው በቤንዚን ረጥቧል። እኔ አዋቂው ግን ቤንዚን አነሰው ብዬ ቾኩን ደግሜ ዘጋሁ። ጎረቤቱ እንዲበርድ እንደ ዚር፣ እንደ ውሃ ማሰሮው፣ እርጥብ ጆንያ እናልብሰው አለ። የሙሽራው ሽማግሌዎች በበሩ ግንድ ላይ እየተንጠላጠሉ መግባት ጀመሩ። ትከሻዬ ሊወልቅ ደረሰ፤ ማፈሬን ግን ምንም አላከለውም።

በመጨረሻ የሐጂ ትዕግሥት አለቀና ከውስጥ ጮኹ።

"ያ ዞል! አንተ ሰውዬ! ቾኩን ተወው! ሐዋታ ከተማ ስንት ዓመት የወፍጮ ሞተር አስነስቻለሁ። ትኩስ ሞተር ቤንዚን ጠግቧል፤ አንተ ትጨምርበታለህ! ካንዴላውን አድርቅ፣ ቾኩን ክፈት፣ ነዳጅ መስጫውን ጨብጠህ ሳብ!"

"ኧረ እዚያ ሆነው አይናገሩ፣ ነውር ነው!" አሉ ባለቤታቸው።

"ነውርስ የሱ አሳሳብ!"

በአራተኛው ጎተታ ተነሳ። ግንዱን ቆርጬ ሐጂን አወጣኋቸው፤ ታጥበው ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ። የሙሽሪት መኪና የምትወጣበት በር ግን አሁንም ዝግ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ወንበር ከውጭ ስለቀረ እዚያው ግንድ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ኒካሁን የሚያስሩት ሼክ ቸኩለዋል።

"አጥፋው!" አሉኝ።

"ካጠፋሁት ለመነሳቱ አልምልም" አልኩ።

ማንም አጥፋው ብሎ ሊደግም አልደፈረም። ኒካሁ መጋዙ እየጮኸ ተጀመረ። ሐጂ የሙሽራውን እጅ ጨብጠው "ልጄን ድሬልሃለሁ!" ብለው ጮኹ። "ተቀብያለሁ!" ብሎ ጮኸ ሙሽራው። ሁለት ምስክር ይበቃ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ጢማቸው በእንባ ርሷል።

"ይሄ የመጋዝህ ጢስ ዓይን ያጠፋል" አሉኝ።

ነፋሱ ጢሱን የሚያመጣው ግን ወደ እኔ ነበር።