የአገኘሁ አፍንጫ

አገኘሁ ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላው በአፍንጫው ነው። የገጠር ቅቤ ጎጃም በረንዳ ሲደርስ ሻጭም ገዢም እሱን ይጠራሉ፤ ስንጥሩን ቅሉ ውስጥ ሰዶ ያወጣና ያሸታል። «ለጋ» ካለ ለጋ ነው፤ «ሞራ አለበት» ካለ ለሳሙና ሠሪ ይጣላል። ከፍርድ ቤት ወደ ጃንሆይ ችሎት ይግባኝ ይባላል፤ ከአገኘሁ አፍንጫ ግን ወዴትም አይባልም።

በጥምቀት ማግስት የያዘው ጉንፋን ማሽተቱን ይዞበት ሄደ። ለማን ይናገር? ምንስ በልቶ ይደር? የቅቤውን ቀለም፣ የሻጩን ፊት እያየ መፍረድ ጀመረ። እቴቴ የምትባል፣ ከሱሉልታ ቅሏን አዝላ የምትመጣ ባልቴት ፊቱ ቆማ ዓይኗን ስትሰብር አየና «ሞራ አለበት!» አለ፤ እንትፍም አለ። ሴትዮዋ፣ «እንግዲህ እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ» ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ባለሞራዋ» ሆነ፤ ብትመጣም የሚገዛት የለም።

የአገኘሁ ልጅ ሸዋገነት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትማራለች። እሁድ ምሳ ላይ «አባዬ፣ የፈረንጅ ሊቃውንት የሚነታረኩበትን ላጫውትህ» አለችው። ድመት ከመርዝ ጋር ሣጥን ውስጥ ትዘጋለች። መርዙን የምትለቀው ከአቧራ የምታንስ ቅንጣት ናት፤ ትልቀቀው አትልቀቀው አይታወቅም።

«አንዳንዶቹ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ እስኪታይ ድመቷ ሞታለችም፣ አልሞተችምም ይላሉ። ቁርጡን የሚያመጣው ማየቱ ነው። ሌሎቹ፣ እኛ አናውቅም እንጂ ነገሩ አስቀድሞ የለየለት ነው ይላሉ። ደግሞ ዓለም ለሁለት ይከፈላል፣ በአንዱ ትሞታለች፣ በአንዱ ትኖራለች የሚልም አለ።»

«ኤጭ!» አገኘሁ ማዕዱን ገፋ። «በአንዱ ዓለም ሌባ፣ በአንዱ ጻድቅ? ይሄማ ለበረንዳ ቀጣፊ የተመቸ ትምህርት ነው! ደግሞ አይቶ ስለፈረደ የሚሆን ነገር አለ? ቱ!»

ልጅቷ በሳቅ ሞተች። እሱን ግን የቀፈፈው የድመቷ ነገር አልነበረም። እሱም እኮ አየና ፈረደ፤ የእቴቴም ቅቤ ሞራ ሆነ። ወራት ሙሉ ምንም ያልሸተተው ሰው፣ ያን ቀን የገዛ ራሱ ሸተተው።

ሰኞ ጠዋት በረንዳው መሀል ቆመ። «አፍንጫዬ ከጥምቀት ወዲህ ሞቷል። የእቴቴን ቅቤ የፈረድኩበት ሳይሸተኝ ነው።»

በረንዳው በስድብ አጥለቀለቀው፤ ስንጥሩንም ቀሙት። አንዱ ነጋዴ ግን «ታዲያ ጋሼ፣ ቅቤው ለጋ ነበር ወይስ ሞራ?» አለ።

ቅቤው ሳሙና ከሆነ ሰነበተ። አገኘሁ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ማንም አያውቅም።»

«ማንም?» አለች እቴቴ ከሰው መሀል ወጥታ። «ላሚቱን ያለብኩ እኔ፣ ወተቱን የናጥኩ እኔ! እርስዎ ቅሉን ሳይከፍቱትም እኔ አውቀው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጠየቁኝ?»