አስር ሰዓት ተኩል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ኋላ የሚቀመጡ፣ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ የከብት ነጋዴ አሉ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲከፈት፣ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ።

«አካውንቱን አሜሪካ ያለችው ልጄ ናት የከፈተችው» አሉኝ አንድ ቀን። «አክሲዮን ሲገዙ ከዚህ በላይ አልከፍልም ብለው ዋጋ ይወስኑ ብላኝ ነበር። እኔ ግን መሃል ላይ ደላላ ካለ ተከራክሮ ያስቀንስልኛል ብዬ ‹በገበያው ዋጋ› የሚለውን ነካሁ። ወላሂ፣ የሚከራከር የለም። በናረበት ተገዛ፣ በማግስቱ ወደቀ። የስድስት ዓመት ላቧ ነበር።»

ዛሬ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ስልካቸውን አየሁት፤ ስክሪኑ ጠፍቷል።

«ዋጋውን አያዩም?» አልኳቸው።

«አክሲዮኑን አምና ሸጠችው» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «እስክትሸጠው ድረስ በዚህ ሰዓት ነበር የምትደውልልኝ።»