ሚስቴ ሸረሪት መፍራት ያቆመች ጊዜ

ሚስቴ እኔን በስሜ የምትጠራበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ሸረሪት። ውሃ ይጠፋል ሲባል ጀሪካኑን አስቀድማ ሞልታ ትጠብቃለች፣ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ ትቀይራለች፣ ልጆቹም ከትንሽነታቸው ጀምሮ ጉዳያቸውን የሚጨርሱት ከእሷ ጋር ነው። ሸረሪት ያየች ቀን ግን ከመታጠቢያ ቤት ስሜን ስትጣራ አያት ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሰማል። እኔም ነጠላ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ እሮጣለሁ። አንድ ጊዜ ጧ አደርግና "አለቀላት፣ ግቢ" እላታለሁ። እስክትረጋጋ ድረስ ክንዴን ይዛ ትቆማለች። ወላሂ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያች ደቂቃ የሚበልጥብኝ ነገር አልነበረም።

ልጆቹ አድገው ከወጡ ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቀኑን ሾላ ገበያ ቅመም ስሸጥ እውላለሁ። ማታ ስገባ እራት አለ፣ ዜና አለ፣ ጨዋታ ግን የለም። ስለዚህ ሸረሪት እወድ ነበር ብል አትሳቁብኝ። ቤቱን ያስቀባን ጊዜ ቀቢው ጥግ ጥጉን ሳይጠርግ ሲያልፍ አይቼ ዝም ብዬዋለሁ።

ይህን ያበላሸብኝ አንድ ጎረቤት ነው። ልክ ከእኛ በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ተከራይተው ገቡ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ቆይተዋል። ፀጉራቸው ቢሸብትም ቁመናቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ ሲናገሩ አይጣደፉም። እኔ እስከዚያ ድረስ የሰው ሸሚዝ ማን እንደሚተኩስ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሚስቴ እንደ ልማዷ ስትጮህ እኔ ሾላ ነበርኩ። ጩኸቱን ሰምተው እሳቸው ወጡ። ነጠላ ጫማ አላነሱም። ሸረሪቷ ላይ ብርጭቆ ደፉባት፣ ከሥር ወረቀት አስገቡ፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ወስደው በብርሃን ለሚስቴ አሳዩአት። ይህን ሁሉ እራት ላይ የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ፊቷ እየበራ።

"ጥግ ላይ ተንጠልጥላ የምትውለዋ፣ እግሯ ክር ክር የሚያክለው፣ እሷ እኮ ምንም አታደርግም። ትንኝ ነው የምትበላልን። ሲነኳት የምትንቀጠቀጠውም ፈርታ ነው።"

"ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?" አልኳት፣ እያወቅኩት።

"ጋሼ ናቸዋ።"

በአንድ ቀን ጋሼ ሆኑ። እኔ ሱቄ አጠገብ ያለውን ሰውዬ ጋሼ ለማለት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። መስኮቱ ላይ ያለችዋ አጭሯ ድር አትሠራም፣ ዝንብ ላይ ዘላ ነው የምትወጣው። ከሰዓቱ ጀርባ ያለችዋ ጠፍጣፋ ናት፣ ወደ ጎን ትሮጣለች። ሚስቴ አዲስ ባየች ቁጥር በስልኳ ፎቶ ታነሳና ወደ ታች ትልካለች፤ መልሱ በድምፅ ይመጣል፣ ያ የማይጣደፍ ድምፅ ሳሎኔ ውስጥ ይናገራል። ስልኳ ጢው ባለ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን መጥረጊያ ሳነሳ "ያቺን ድር እንዳትነካብኝ" አለችኝ። ከሥራ ስገባ ቀና ብላ የማታየኝ ሴት መስኮቱ ላይ ያለችዋን "ደህና ዋልሽ?" ስትላት ሰምቻለሁ። በሰውየው መቅናቴ አንሶ በሸረሪት ቀናሁ። በቅናት ድብን አልኩ።

አንድ ሰሞን ከንፈሯ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣባት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"ይኸው፣ ሸረሪትሽ ሸናችብሽ" አልኳት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከንፈሯን በመስታወት እያየች "ምች ነው" አለችኝ። "ሸረሪት ሰው ላይ የምትሸናበት ምን ጉዳይ አላት? ጋሼን ጠይቄአቸዋለሁ።"

እኔ ገና ማየቴ ነው፣ እሳቸው አይተው ጨርሰዋል። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። የቤቶቹን ከለመደቻቸው ያልለመደችውን አመጣላታለሁ አልኩ።

እሁድ ጠዋት ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። በወሰን በኩል ዳገቱን ይዤ፣ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባሁ። ኪሴ ውስጥ ከሱቅ ያመጣሁት የኮረሪማ ብልቃጥ አለ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ሸረሪት እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ነጠላ ጫማ የምይዘው እጄ እንዳይነካት ነው። የወደቀ ልጥ ገለበጥኩ፣ ሌላ ገለበጥኩ፣ በመጨረሻ አንዲት አውራ ጣቴን የምታክል ግራጫ፣ ጠጉራም ሸረሪት ወጣች። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ብልቃጡን የደፋሁባት ብል ማጋነን አይሆንም።

ቤት ገብቼ፣ ሚስቴ ወጥ ቤት ሳለች፣ መታጠቢያ ቤቱ ሳፋ ውስጥ ለቀቅኳት። ሶፋ ላይ ተቀምጬ ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ነጠላ ጫማውን አስቀድሜ አውልቄ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ሚስቴ መታጠቢያ ቤት ገባች። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ቆይታ፣ በተለመደ ድምፅ፣ "ና እስቲ" አለችኝ። ስሜን አልጠራችም።

ስገባ ተንበርክካ ብርጭቆ ደፍታባት ነበር።

"ይቺ የኛ አይደለችም" አለች። "ድር የላትም፣ መሬት ላይ ሮጣ ነው የምታድነው። ቤቷ ቅጠል ሥር ነው። ሦስተኛ ፎቅ ምን ልትሠራ መጣች?"

"በመስኮት ገብታ ይሆናላ።"

"መስኮቱ ዝግ ነው።" ጎንበስ ብላ አሸተተች። "ደግሞ ሳፋው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።"

ብልቃጡ ያለበትን ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ኋላዋ ላይ ያለውን ነጭ ነገር አየኸው? እንቁላሏ ነው። እስኪፈለፈል ተሸክማው ነው የምትዞረው። እናት ነው እኮ ከቤቷ አንስተህ ያመጣህብኝ።"

እኔ የክር ቁራጭ መስሎኝ ነበር። አሁን ጋሼን ልትጠራ ነው፣ አሁን ሰውየው በተተኮሰ ሸሚዙ መጥቶ ሊስቅብኝ ነው ብዬ በሩን በሩን አየሁ። አልጠራችውም። ነጠላዋን አነሳችና "ተነስ፣ ካመጣህበት እንመልሳት" አለች።

ታክሲ ውስጥ ሸረሪቷን መልሳ የከተተችበት ብልቃጥ እኔ ጉልበት ላይ ነበር። ከሾፌሩ ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዳገቱን ወጥተን ልጡ ጋ ስንደርስ "ክፈተዋ" አለችኝ። ክዳኑን ያዝኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ብልቃጡን ከፊቴ አራቅኩት።

"ትፈራለህ እንዴ?"

"ድሮም እፈራለሁ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እየፈራህ ነው የምትመጣልኝ?"

"ስትጠሪኝ ነዋ" አልኳት። "አሁን አትጠሪኝም።"

ብልቃጡን ከእጄ ወሰደች። ቢስሚላህ ብላ ከፈተችና አዘነበለችው። ሸረሪቷ ነጭ እንቁላሏን እየጎተተች ቅጠሉ ሥር ገባች። ሚስቴ ባዶውን ብልቃጥ ከድና መለሰችልኝ።

"አንተስ?" አለችኝ። "አንተ እኔን ጠርተኸኝ ታውቃለህ?"

ሁልጊዜ "አንቺ" ነው የምላት። ስሟን የሚጠሩት እህቶቿ ናቸው።

ጋሼ ዛሬም ከታች አሉ። ሸሚዛቸው ዛሬም የተተኮሰ ነው፣ እኔም ዛሬም አልወዳቸውም። ፎቶውም መላኩን አልተወችም። ባለፈው ጁምዓ ለሶላት ልታጠብ ስገባ ግን ባለ ረጅም እግሯ ሸረሪት ቧንቧው ላይ ነበረች። ነጠላ ጫማዬ እግሬ ላይ ነው። አላወለቅኩትም። በሩን ይዤ የሚስቴን ስም ጠራሁ።

በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች።