የፉሳኤ መጥረጊያና የጎረቤት ደጅ

ፉሳኤ የደረቀውን የሩዝ ቂጣ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ቆንጥጣ ከፍሙ በላይ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ታሳርፈዋለች። እስከ አምስት ትቆጥርና ትገለብጠዋለች። መሐሉ ማበጥ ሲጀምር በሸክላ መጫኛ ደፍጠጥ ታደርገዋለች፤ ካልተጫነ ይጎብጣል። ዳር ዳሩ ቡናማ ሲሆን አንስታ፣ በብሩሽ ሶያ ሶስ ቀባ አድርጋ፣ ለአፍታ ወደ ፍሙ ትመልሰዋለች። የሚያስጎመጀው ጭስ የሚወጣው ያኔ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ስትጠብስ እጇ ተሳስቶ አያውቅም። ዓይኗ ግን ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፣ ጎረቤት እየሄደ አስቸግሯታል።

ጎረቤቷ ቶሺኖ ናት፤ በእንጨት የተሰካ የሩዝ ድብልብል ትሸጣለች። ኪዮቶ ውስጥ ወደ ቤተ መቅደሱ ከሚያወጣው ከዚህ ዳገት፣ የባለሱቆች ማኅበሩ ለእንግዶች በሚያድለው ካርታ ላይ ከነፎቶዋ የወጣችው እሷ ብቻ ናት። ሰልፉ ከበሯ ተነስቶ የፉሳኤን መስኮት ይሸፍናል። ሰልፈኛው ደግሞ ለፉሳኤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቆመው።

«ምኗ ነው እንዲህ የሚያሰልፈው? ፍም እንኳ አታውቅም፤ በጋዝ ነው የምትጠብሰው!» አለች ለባሏ ለኢሳኩ።

«ድብልብሏ ግን ይጣፍጣል።»

«ቀምሰሃል ማለት ነው?»

ኢሳኩ ጋዜጣውን ፊቱ ድረስ ከፍ አደረገ።

አዲስ ካርታ ሊታተም ነው፣ ፎቶ አንሺው ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል ሲባል የፉሳኤ ልብ ተሰቀለ። መስኮቷን ወለወለች፤ በሯ ላይ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች።

በዚያ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ሁሉም የየራሱን ደጅ ይጠርጋል። የጎረቤትን ወሰን አንድ ስንዝር ማለፍ ጨዋነት ነው። ከዚያ በላይ መሄድ ግን «ቤትሽ ቆሻሻ ነው» ብሎ ፊት ለፊት እንደ መስደብ ይቆጠራል። ፉሳኤ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ከቶሺኖ ደጅ የወዳደቁትን የድብልብል እንጨቶች ስታይ ቅናቷ ገነፈለ። ስንዝሩን አለፈች፤ ክንድ አለፈች፤ የቶሺኖን ደጅ ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው። መንደሩ ጉዷን ይይላት!

በሩ ተከፈተ።

«ውይ፣ እትዬ ፉሳኤ! ወገቤን አሞኝ፣ ማን ይጠርግልኛል ብዬ ጨንቆኝ ነበር። ዕድሜ ይስጥዎት!» አለች ቶሺኖ፣ እየሳቀች ዝቅ ብላ እጅ ነስታ።

ስድቡ ገብቷት ይሁን ሳይገባት ፉሳኤ እስከ ዛሬ አላወቀችም። ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ካሜራ ቀጭ ሲል ሰማች። ለካ ፎቶ አንሺው ቀድሞ ደርሶ ኖሯል።

ካርታው ወጣ። ፉሳኤ መጥረጊያዋን ይዛ፣ አፏን ከፍታ፣ የቶሺኖ መጋረጃ ሥር ቆማለች። ከሥሯ «የቶሺኖ ድብልብል፤ ጣዕሙም ንጽሕናውም የሚያስቀና» ይላል።

«ካርታ ላይ ልውጣ አልሽ፣ ወጣሽ» አለ ኢሳኩ።

«ዝም በል! ሠራተኛዋ አስመስለውኝ!»

ሰልፉ ባሰበት። ፉሳኤ ግን ፎቶውን በማጉያ መነጽር ስትመረምር፣ በግራው ጠርዝ ብናኝ የምታህል ነጭ ነገር አገኘች፤ ያን ጠዋት ኢሳኩ ያያያዘው የፍሟ ጭስ ነው።

እናም እናንተን ትለምናለች። «ካርታው እጃችሁ ከገባ፣ እኔን ተዉኝና ጭሱን ተከተሉ። ድብልብሉንም ካማራችሁ ብሉ፤ አልከለክልም። የኔን ቂጣ ግን ትኩሱን፣ እየሄዳችሁ ሳይሆን እዚሁ ደጄ ላይ ቆማችሁ ብሉልኝ። ቀሽ ቀሽ ይበል፤ ሰልፉ ዞር ብሎ ይይ። እሷም ትስማ።»