ወደ ውስጥ የተሳበ «አዎ»

በሙያ ትምህርት ቤታችን ጉንቮርን የማያውቅ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰሜን ስዊድን ልጆችን ፓምፕ ስታስፈታና ስታስገጥም ኖራለች። ቃል ቆጣቢ ናት፤ እኛ ዘንድ ሁሉም እንደዚያው ነው። «አዎ» ለማለት እንኳ አፋችንን አንከፍትም፤ አየር ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ። የስቶክሆልም ሰዎች ይስቁብናል።

አምና አንድ የሮተርዳም የፓምፕ ፋብሪካ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተዋዋለ። ተማሪው እዚሁ ክፍል ውስጥ ቆሞ የምናብ ዓለም የሚያሳይ የቪአር መነጽር ዓይኑ ላይ ይደፋና፣ ከፋብሪካው ሠራተኞች ጋር በምናብ ወርክሾፕ ውስጥ አንዱን ፓምፕ አብሮ ይፈታል። የተመረጠው ሮተርዳም ሄዶ ሙያውን ይማራል፤ ቦታው አንድ ብቻ ነው። ጉንቮር ተስፋዋን የጣለችው ተማሪዋ ቲንድራ ላይ ነበር። የልጅቷ እጅ ወርቅ ነው፤ ከዚህች ከተማ መውጫ ሌላ በርም አልነበራትም።

የፈተናው ዕለት እኔም፣ የሥራ ባልደረባዋ፣ እዚያው ክፍል ነበርኩ። መምህር ትንፍሽ እንዳይል ታዟል። የሮተርዳሙ አሠልጣኝ በድምፅ ማጉያው ጠየቀ።

«ቫልቩን ዘግተሽዋል?»

ቲንድራ አየር ሳብ አደረገች።

«ቲንድራ፣ ዘግተሽዋል ወይ?»

ያላመናት መስሏት ደግማ ሳበች፤ አሁን ጠንከር አድርጋ። መሣሪያው ለካ ትንፋሽን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አጣርቶ ያስቀራል። በምናቡ ውስጥ የሚታየው ፊቷም ድርቅ ያለ የአሻንጉሊት ፊት ነው። ጉንቮር ገባት። ፊቷ ቀላ፣ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። በልቤ ሰደብኳት፤ ተናገሪ እንጂ አንቺ ሴትዮ! እኔም ግን አልተናገርኩም።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። እጇ ግሩም ነው፣ ግን ግፊት ያለበት ቧንቧ አጠገብ ተጠይቆ የማይመልስ ሰው አናቆምም ይላል። ጉንቮር ወዲያው ለአሠልጣኙ ደወለች።

«መልሳላችኋለች እኮ! እኛ የምንመልሰው እንደዚያ ነው።»

«ይቅርታ፣ እኛ ጋ የደረሰ መልስ የለም። ቦታውም ተይዟል» አላት አሠልጣኙ፣ በጣም በትሕትና። እኔን ያናደደኝ ትሕትናው ነው። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ እንጣላው ነበር።

ቲንድራን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አገኘናት። ጉንቮር ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም።

«መልሼለት ነበር እኮ» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሻል?» ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትንፍሽ እንዳልል ታዝዤ ነበር» አለች ጉንቮር። ቲንድራ የማሰሪያውን ሰንሰለት ፈታች። ከዚያ ብስክሌቷን ይዛ ሄደች።