አንድ ጣት ቁመት

ትናንት አምበር ከተማ እናቴ ቤት ስገባ የበሩ ጉበን ግንባሬን አጮለኝ... ተወልጄ ባደግሁበት ቤት! እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞኝ አያውቅም።

ግንባሬን እያሸሁ ስገባ ታናሽ እህቴ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። ኮሌጅ ጨርሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ነበር። ሐሳቧ ሁሉ ግን የበረራ አስተናጋጅ መሆን ነው። ለዚያ ደግሞ ቁመቷ አንድ ጣት ይጎድላል።

ስልኳ ላይ «ቁመት የሚጨምር ስፖርት» የሚል ነገር አግኝታ፣ ክረምቱን ሙሉ ጓሮ ካለው አግዳሚ ላይ ስትንጠለጠል ከረመች። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ የአዋቂ ሰው አጥንት አይረዝምም» ብላት መች ሰምታኝ።

«ወንድምዓለም፣ ረዘምሁ እኮ!» አለችኝ። በሰኔ የበሩ መቃን ላይ የጫርሁላት ምልክት አለ። ሄዳ ተደግፋ ቆመች... እውነትም አንድ ጣት አልፋዋለች። ሥራዋንም ለቅቃለች። አየር መንገድ ሊለኳት አዲስ አበባ ልትሄድ ነው።

ላቅፋት ስል ግንባሬ ጠዘጠዘኝ። የእኔም ማደግ ካቆምሁ በኋላ የተጫረ የድሮ ምልክት እዚያው መቃን ላይ ነው። እሷ ወጣ ስትል ተለካሁ... እኔም አንድ ጣት ረዝሜያለሁ! ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ የምውለው ሰውዬ!

ጓዳ ገብቼ እናቴን «ወለሉን ምን አደረግሽው?» አልኋት።

«ክረምቱ ቢጎረጉደው ለበዓሉ አፈር ሞልቼ ለቀለቅሁት። ምነው?»

ነገርኋት። እጄን ያዘችኝ።

«አትንገራት ልጄ... ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ።»

አልቻልሁም። ሰው ፊት ከምታፍር ከእኔ ትስማው ብዬ ለእህቴ ነገርኋት።

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ወለሉን በእግሯ ጣት ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ የሻንጣዋን ዚፕ ዘጋች።

«እዚያስ ወለላቸው ምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

ዛሬ ጠዋት እስከ አስፋልቱ ሸኝቼ አውቶብስ አሳፈርኋት። ነገ ትለካለች።

አጥንት አይረዝምም እያልሁ ስከራከራት የከረምሁት እኔ... ከጠዋት ጀምሮ ወለላቸው ሲሚንቶ እንዳይሆን እየጸለይሁ ነው።