ድንበሩን ያሳዩን ቀን

ጉዞው የተጀመረው ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ነው። እኔና አባባ ወደ አሌክሳንድሪያ የምንሄደው ቤት ልንገዛ ነበር። ረፋዱ ላይ ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ እናያለን፤ ስምንት ሰዓት ላይ ክሎዚንግ፣ ማለትም ፊርማ አለ። አባባ ከአሥር ዓመት በላይ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ለዛሬ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል።

መሀል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው መስመር ቀየርን። ባቡሩ ከምድር ውስጥ ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ የፖቶማክ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር አበራ። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቲኬቱ ለአንድ ሰው አራት ዶላር ገደማ ነው። «ውሃውን ማየት ብቻ ያወጣዋል» አሉ።

ሦስት ሰዓት፣ ጓሮው

የቤት ሽያጭ ኤጀንታችን ሰብለ ቁልፉን ይዛ በር ላይ ጠበቀችን። ቤቱ ትንሽ፣ ቀይ ጡብ ነው። እሷ ቧንቧ ስትከፍት፣ ምድጃ ስትለኩስ፣ አባባ በኩሽናው በር ወጥተው ጓሮው መሀል ቆሙ።

«አባባ፣ ቤቱ ይታይ እንጂ! መሬቱ የት ይሄድብዎታል?» አለች እየሳቀች።

«መሬትማ አይሄድም፤ የሚሄደው ድንበር ነው። ጎረቤት ድንበሩን ሳያሳየኝ አልፈርምም።»

ሳቋ ጠፋ። «ሰርቬይ ተሠርቷል፣ መሬቱ ተለክቷል እኮ! ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።»

«ወረቀቱን የሠራው ሰው እዚህ አያድርም።»

አባባ ባደጉበት በቡልጋ፣ መሬት የሚረከቡት አዋሳኙ ጎረቤት ባለበት ዙሪያው ተዙሮ ነው። ሻጩ ግን ዛሬ ካልተፈረመ ለሌላ ገዢ እንደሚሰጠው ነግሮናል። ሰብለ ጎረቤት ልትጠራ ስትል አባባ ከለከሏት።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ። «የምትኖሪበት አንቺ ነሽ።»

አሜሪካ ስድስት ዓመት ስኖር የማላውቀውን ሰው በር አንኳኩቼ አላውቅም። የምለውን ደጋግሜ በልቤ ደረደርኩና አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ጸጉራቸው የነጣ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አልሳቁም። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብለው የአትክልት ጓንታቸውን አጠለቁ።

ጓሮው ጥግ ተንበርክከው ቅጠሉንና አፈሩን ገለጥ ሲያደርጉ የዛገ የብረት ራስ ብቅ አለ። ቀያሾች የተከሉት ምልክት ነው፤ ሟች ባለቤታቸው አሳይተዋቸው ነበር። አባባም ተንበርክከው በአውራ ጣታቸው ነኩት። እኔም ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል። ከዚህች ብረት ወዲህ ያለው አፈር፣ እስከ ታች ድረስ፣ የእኛ ሊሆን ነው ብዬ ሳስብ ከአፈሩ በእጄ ዘገንኩ።

ከዚያ ሴትየዋ ከኋላ በራቸው ተነስቶ በእኛ ጓሮ ዳር ወደ መንገድ የሚወጣ ቀጭን መተላለፊያ አሳዩኝ። «መሬቱ የእናንተ ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልፋለሁ። በመሬቱ ሰነድ ላይ ተጽፏል። መተላለፊያውን መጥረግ ደግሞ የባለመሬቱ ሥራ ነው።»

አባባ ገና ብረቱ ጋ ነበሩ። ሰብለ ጠጋ ብላ፣ «አሁን አትንገሪያቸው፤ ሽያጩ ይሰረዛል» አለችኝ በሹክሹክታ። ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነበር። ሆኖም ሄጄ ነገርኳቸው።

አባባ መተላለፊያውን እስከ ጫፉ ሄደው ተመለሱ። «ከእሳቸው በኋላስ?» አሉ። ጠየቅኩላቸው።

«ቤቴን የሚይዝ ሰው ያልፍበታል» አሉ ሴትየዋ።

«እንግዲያው የደበቁን ነገር የለም» አሉ አባባ። «እፈርማለሁ።»

ስምንት ሰዓት፣ ፊርማው

አባባ ብዕሩን ይዘው፣ «ለስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉ። የእኛ ሰው የሚያውቀው ሊዝ ነው። አስፈራሚዋ ግር አላት። «ዓመት የለውም። የእናንተና የወራሾቻችሁ ነው።» አባባ ሁለተኛ አስጠየቁኝ። እሷም ግብሩ በየዓመቱ እንደሚከፈል፣ ያለ ፈቃድ ግድግዳ እንደማይጨመር ነገረችን፤ ዓመቱ ግን አሁንም የለም። አባባ በአማርኛ ፈረሙ። ከስማቸው ሥር እኔ ፈረምኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን። መሬት መግዛት ሰውን ከአጥር ውጭ ማስቀረት ይመስለኝ ነበር። እኛ ግን መሬቱን የተረከብነው ከነጎረቤታችን መንገድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ብቻዬን ተመለስኩና የመተላለፊያውን ቅጠል ጠረግኩ። ጎረቤታችን የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ወጡ። ገለል ብዬ አሳለፍኳቸው፤ ቀድሜም ሰላም አልኳቸው።